አሥራ ሦስቱ ሰዎችና ጀልባዋ

(ይህ ጽሑፍ ስለ ቻይና ኮሚኒስቶች የሥልጣን ትግል በአንድ የንባብ ክበብ ያደረግሁት ንግግር ነው። ሰዓት አጥሮኝ የዘለልኩትን ጨምሬበታለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

ከአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ልጀምር። ጊዜው ጁላይ 1921 ነው። ቦታው ሻንጋይ፣ ፈረንሳዮች የሚያስተዳድሩት ሰፈር። ትምህርት ቤቱ ለእረፍት ተዘግቷል። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ወጣቶች ግን ገብተው አድረውበታል። ለሚጠይቃቸው ሰው የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን፣ አገር ልንጎበኝ ነው የመጣነው ይላሉ። ውሸት ነው። የመጡት የቻይና ኮሚኒስት ፓርቲን ሊመሠርቱ ነው።

ተወካዮቹ አሥራ ሦስት ናቸው። በመላው ቻይና ያላቸው አባል ከ60 አይበልጥም። ልብ በሉ፣ ይህ አዳራሽ ዛሬ ከያዘው ሰው ያንሳል። ሁለቱ ትልልቅ መሪዎች፣ ቼን ዱሺዩና ሊ ዳዣኦ፣ ሥራ በዝቶባቸው ጭራሽ አልመጡም። ከመጡት አንዱ ማኦ ዜዱንግ ይባላል። ዕድሜው 27 ነው። ከሦስት ዓመት ገደማ በፊት በፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በወር 8 ዩዋን እየተከፈለው ጋዜጣ ሊያነብ የሚመጣውን ሰው ስም ይመዘግብ ነበር። ምሁራኑ ሊያናግሩት ጊዜ አልነበራቸውም። ይህንን ማኦ ዕድሜ ልኩን አልረሳውም።

ስብሰባው የተካሄደው ከተወካዮቹ የአንዱ፣ የሊ ሃንጁን፣ ወንድም ቤት ውስጥ ነው። ከሞስኮ የተላኩ ሁለት የውጭ ሰዎችም ነበሩ። አንዱ ሆላንዳዊ ነው፣ በድብቅ ስሙ ማሪን ይሉታል። ጁላይ 30 ማታ አንድ የማይታወቅ ሰው በሩን ከፍቶ ገባ። ዞር ዞር ብሎ አየና ቤት ተሳስቻለሁ ብሎ ወጣ። ማሪን በኅቡዕ ሥራ የበሰለ ሰው ነው። አሁኑኑ ተበተኑ አላቸው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የፈረንሳይ ፖሊስ መጣ። ቤቱን ገለባብጦ ምንም ሳያገኝ ሄደ።

መፍትሔ ያመጣችው የሌላው ተወካይ የሊ ዳ ሚስት ናት። የትውልድ አገሯ ጂያሺንግ ሐይቅ አለው። እዚያ የመዝናኛ ጀልባ ተከራይተን እንጨርስ አለች። ሁሉም ግን አልሄዱም። ቼን ጎንግቦ የሚባለው ባረፈበት ሆቴል ሌሊት ሰው ተገድሎ ስለደነገጠ ሙሽራ ሚስቱን ይዞ ሌላ ከተማ ሄደ። የቀሩት ጀልባዋ ላይ ወጡ። ጠረጴዛው ላይ የማጆንግ መጫወቻ ዘርግተው ነበር ይባላል፣ ሰው ሲመጣ ቁማር የያዙ ለመምሰል። ፓርቲው እንግዲህ እንዲህ ውሃ ላይ ተመሠረተ።

ከ28 ዓመት በኋላ ይኸው ፓርቲ ቤይጂንግን ይዞ መንግሥት ሆነ። በመካከል ያለውን ስንሰማ መንገዱ ቀጥ ያለ አስፋልት ይመስለናል። ሠራተኛው ነቃ፣ ገበሬው ተነሣ፣ አብዮቱ አሸነፈ፣ አለቀ። እኔ ሳነብ ያገኘሁት ሌላ ነው። ይህ ፓርቲ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሞቶ ነበር። በሕይወት ያቆየው አንዳንዴ የራሱ ብልሃት ነው። አንዳንዴ የጠላቱ ጥፋት ነው። አንዳንዴ ደግሞ እንዲሁ ዕድል ነው።

ለምን እንደተነሣ በአጭሩ ልበል። የቺንግ ሥርወ መንግሥት በ1912 ወደቀ። የመጨረሻው ንጉሥ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ሪፐብሊክ ታወጀ፣ ግን አገሪቱን የተካፈሏት የጦር አበጋዞች ናቸው። እኛ ዘመነ መሳፍንት የምንለውን አስቡ፣ በባቡርና በመትረየስ። በ1919 ደግሞ የቬርሳይ ጉባኤ ጀርመን በቻይናው ሻንዶንግ ክፍለ ሀገር የነበራትን መብት ለጃፓን ሰጠ። ቻይና ከአሸናፊዎቹ ወገን ነበረች እኮ! ሜይ 4 ቀን ተማሪዎች ቲያናንመን አደባባይ ወጡ። ለሊበራል ምዕራብ የነበረው ፍቅር ያን ቀን ቀዘቀዘ። ብዙ ወጣት ዓይኑን ወደ ሩሲያ አዞረ።

ሞስኮ ግን ትንሿን ፓርቲ ብዙም አላመነችባትም። የሱን ያትሴን ብሔርተኛ ፓርቲ፣ ኩኦሚንታንግ፣ ውስጥ ግቡና አብራችሁ ሥሩ አለቻቸው። ገቡ። በ1924 ዋምፖዋ ላይ የጦር አካዳሚ ተከፈተ። አዛዡ ቺያንግ ካይሼክ ነው። የፖለቲካ ክፍሉን ቆይቶ የመራው ደግሞ በ1964 አሥመራ ድረስ መጥቶ ንጉሡን ያነጋገረው ቹ ኤንላይ ነው። ነገ የሚተራረዱት መኮንኖች በአንድ ግቢ ሰልፍ ተማሩ።

ሱን በ1925 ሞተ። በ1926 የጋራው ጦር የጦር አበጋዞቹን ለመምታት ወደ ሰሜን ዘመተ። የኮሚኒስቶቹ አባላት ቁጥር ወደ 58 ሺህ ደረሰ። ከዚያ ኤፕሪል 12 ቀን 1927 መጣ። ሻንጋይ ውስጥ ሠራተኛው ራሱ አምፆ ከተማዋን ለቺያንግ አስረክቦ ነበር። ቺያንግ ከከተማዋ ወንበዴዎች፣ ከአረንጓዴው ቡድን፣ ጋር ተስማምቶ ገና ሳይነጋ ሠራተኞቹን አስጨፈጨፈ። እልቂቱ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። በዚያው ወር የሰሜን ምሥራቁ ግዛት፣ የማንቹሪያ፣ አበጋዝ ዣንግ ዙዎሊን ሊ ዳዣኦን ቤይጂንግ ውስጥ ሰቀለው። የዣንግን ስም ያዙልኝ፣ ልጁ ኋላ ይመጣል። ዓመቱ ሲያልቅ ከ58 ሺህ አባል የቀረው ወደ 10 ሺህ ነው።

የመጀመሪያው ሞት ይህ ነው። ቻይናውያን ይህን ዘመን ነጭ ሽብር ይሉታል። ቃሉ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። የእኛ የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ትውልድ እንዲህ ያሉ ቃላትን ከሩሲያና ከቻይና ታሪክ አንሥቶ ነው አዲስ አበባ ላይ የተጠቀመባቸው፤ ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈሉት ታውቃላችሁ። አንድ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። ኦክቶበር 1971 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤይጂንግ ሄደው ማኦን ጨበጡ። ያን ጊዜ አገር ቤት ተማሪው የማኦን ጽሑፍ በድብቅ ይቀባበል ነበር። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ማኦ በ1927 መጀመሪያ በትውልድ ክፍለ ሀገሩ በሁናን 32 ቀን ገጠር ለገጠር ዞሮ ነበር። የተነሣውን ገበሬ በዓይኑ አየ። ፓርቲው ግን ከማርክስ የተማረው ስለ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። በዚያ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ከተማ ለመያዝ የተደረገው ሙከራ ሁሉ ከሸፈ። ናንቻንግ ከሸፈ። ቻንግሻ ከሸፈ። ጓንግዡ ከሸፈ። ማኦ የተረፉትን አንድ ሺህ የማይሞሉ ሰዎች ይዞ ጂንጋንግ ተራራ ገባ። ተራራውን የያዙት ሁለት ሽፍቶች ነበሩ፤ ዩዋን ዌንሳይና ዋንግ ዙዎ። ማኦ ጠመንጃ ሰጣቸው፣ ተወዳጃቸው፣ አስጠጉት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ማኦ አካባቢውን ለቅቆ ከሄደ ወዲህ፣ ሁለቱንም የገደሏቸው ኮሚኒስቶቹ ራሳቸው ናቸው።

እዚህ ተራራ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለእኔ የታሪኩ እምብርት ያለው እዚህ ነው። ሌኒን ላይ የማታገኙት ነገር እዚህ ተፈጠረ። የወታደር ሥነ ሥርዓት ደንብ ነው። ከሕዝብ መርፌና ክር እንኳ አትውሰድ። የተዋስከውን መልስ። የሰበርከውን ክፈል። ከሁሉ የምወደው ግን ስለ በር የሚለው ነው። የተኛህበትን በር ወደ ቦታው መልስ። በር ላይ መተኛት ምንድን ነው? በደቡብ ቻይና የገጠር ቤት በር እንጨት ነው፣ በቀላሉ ይወልቃል። ሲመሽ ወታደሩ በሩን ያወልቅና ጭድ አንጥፎ እንደ አልጋ ይተኛበታል። ጠዋት ጥሎት ይሄዳል። ገበሬው በሩን ፍለጋ ከጎረቤት ጎረቤት ይዞራል። የጎረቤቱ በር ደግሞ በእሱ ደፍ ልክ አይገጥምም። ስለዚህ ደንብ ወጣ፤ በሩን መልስ፣ ጭዱን እሰር።

ወታደር ማለት ለቻይና ገበሬ ዘራፊ ማለት ነበር። በር የሚመልስ ወታደር አይቶ አያውቅም። ስለ ማርክስ ትርፍ እሴት፣ ባለሀብቱ ከሠራተኛው ጉልበት ስለሚያተርፈው፣ ምንም ያልገባው ሰው ይሄ ይገባዋል።

እንዲህ ስል ጻድቃን ነበሩ ማለቴ አይደለም። በ1930 መጨረሻ ፉቲያን በሚባል ቦታ ቀይ ጦሩ የራሱን ሰዎች ሰላይ ናችሁ ብሎ ማረድ ጀመረ። በማሰቃየት ስም ያስወጣሉ፣ የተጠራው ሌላ ስም ይጠራል። ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። በር መመለስና ጓድን መግደል በአንድ ጦር ውስጥ አብረው ኖሩ። አንዱን ብቻ የሚነግራችሁን ሰው አትመኑት።

በ1931 ጂያንግሺ ውስጥ፣ ርዊጂን ላይ፣ የሶቪየት ሪፐብሊክ አወጁ። ቺያንግ አምስት ጊዜ ዘመተባቸው። አራቱን መከቱ። በአምስተኛው ቺያንግ በጀርመን አማካሪዎች ምክር ዘዴ ቀየረ። ዘሎ መግባቱን ትቶ ምሽግ እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ፣ ቀስ ብሎ አነቃቸው። ማኦ ያን ጊዜ ከአመራር ተገፍቷል። ጦሩን የሚመሩት ከሞስኮ የተመለሱ ወጣቶችና ኦቶ ብራውን የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ነበሩ። ጀርመን ከዚህም፣ ጀርመን ከዚያም ማለት ነው።

ኦክቶበር 1934 ወደ 86 ሺህ ሰው ለቅቆ ወጣ። ይህ ረጅሙ ጉዞ የሚባለው ነው። በግጥምና በሥዕል ስለተሸፈነ ሽሽት መሆኑ ይረሳል። ማተሚያና ሌላም ሌላም ተሸክመው ነው የወጡት፤ ቤት የሚቀይር ሰው ይመስላሉ። ሺያንግ ወንዝ ላይ ጠላት ያዛቸው። ከወንዙ ማዶ ሲቆጠሩ 30 ሺህ ከጥቂት ሆነዋል። ሁለተኛው ሞት ነው። የማኦ ሚስት ሄ ዚዠን ሲነሡ ትንሽ ልጇን ትታ ወጣች። መንገድ ላይ የወለደችውን ሴት ልጅ ደግሞ ለገበሬ ሰጥታ ሄደች። ሁለቱንም አላገኘቻቸውም።

ጃኑዋሪ 1935 ዙንዪ ከተማ ላይ ግምገማ ተቀመጡ። ብራውን በር አጠገብ ተቀምጦ ሲጋራ እያጨሰ የተዘነዘረበትን ሁሉ አዳመጠ። ማኦ ወደ ላይ መውጣት የጀመረው ከዚያ ቀን ነው። በረዷማ ተራራ፣ ረግረግ፣ ረሃብ። ከተነሡ ከዓመት በኋላ ሰሜን ሻአንሺ ሲደርሱ ከእሱ ጋር የቀሩት 8 ሺህ ገደማ ናቸው። ቺያንግ አንድ የመጨረሻ ዘመቻ ቢጨምር ኖሮ እኔ ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ነበር የማወራችሁ።

ዘመቻው ተዘጋጅቶም ነበር። ያስቆመው ስሙን ያዙልኝ ያልኳችሁ ሰው ልጅ ነው። የዣንግ ዙዎሊንን ባቡር በ1928 ጃፓኖች አፈንድተው ገደሉት። በ1931 ደግሞ ማንቹሪያን ወሰዱ። ልጁ ዣንግ ሽዌሊያንግ አባቱንም አገሩንም በጃፓን ያጣ ጄኔራል ነው። ቺያንግ ግን ከጃፓን በፊት ኮሚኒስቶቹን ግደል ይለዋል። ዲሴምበር 12 ቀን 1936 ሺአን ላይ አለቃውን ራሱን ያዘው። ቺያንግ ተኩስ ሲሰማ በሌሊት ልብሱ በመስኮት ዘለለ፤ ሰው ሠራሽ ጥርሱ እንኳ ክፍሉ ውስጥ ቀረ። ወገቡን ተጎድቶ ተራራው ላይ ተሸሽጎ አገኙት። ብዙ ኮሚኒስት ይገደልልን አለ። ስታሊን አትንኩት አለ። ቹ ኤንላይ መጥቶ ተደራደረ። ቺያንግ በጋራ ጃፓንን ለመውጋት ተስማምቶ በፈረንጆች ገና ዕለት፣ ዲሴምበር 25፣ ተለቀቀ። ዣንግ አብሮት በአውሮፕላን ሄደ። ለዚህ የዋህነቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በቁም እስር ከፈለ። የሞተው በ2001 ሃዋይ ውስጥ ነው።

ከስድስት ወር ተኩል በኋላ ጃፓን ሙሉ ወረራ ጀመረች። እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ግድ ነው። የፊት ለፊቱን ትልልቅ ጦርነት፣ ሻንጋይን፣ ዉሃንን፣ የተሸከመው የቺያንግ ጦር ነው። ምርጥ ክፍለ ጦሮቹ ያለቁት እዚያ ነው። ኮሚኒስቶቹ ከጃፓን መስመር ጀርባ በየመንደሩ ገቡ። የመሬት ኪራይ ቀነሱ፣ ሚሊሺያ አደራጁ፣ ማንበብ አስተማሩ። በ1937 ወደ 40 ሺህ አባል ነበራቸው። በ1945 አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ። ጃፓን ባትመጣ ኖሮ ይህ አይታሰብም።

መናኸሪያቸው ዬናን ነበር። ኮረብታ ተቆፍሮ በተሠራ የዋሻ ቤት ይኖራሉ። ከከተማ የመጣው ወጣት እኩልነት አየሁ ብሎ ይደሰታል። ዋንግ ሺዌይ የሚባል ጸሐፊ ግን በ1942 አንድ ነገር ጻፈ። እዚህ ልብሱ ሦስት ደረጃ አለው፣ ምግቡ አምስት ደረጃ አለው አለ። በግምገማ ጨፈለቁት፣ አሠሩት፣ በ1947 ገደሉት። በዚያው ዘመቻ ሌላው ሁሉ ኑዛዜ መጻፍ ተማረ። ኋላ በመላ አገሪቱ የሚሆነው ነገር ልምምዱ የተደረገው በዚያ ዋሻ ነው ብል አላጋነንኩም።

ጃፓን ወደቀች። ማኦ ወደ ቾንግቺንግ ሄዶ ከቺያንግ ጋር 43 ቀን ተደራደረ። ብርጭቆ አጋጩ፣ ፈረሙ። በ1946 የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ። በወረቀት ሲታይ ቺያንግ ነው የሚያሸንፈው። ወታደሩ ይበልጣል፣ አውሮፕላን አለው፣ አሜሪካ ከጎኑ ናት። በማርች 1947 ዬናንን ራሷን ያዘ። ባዶ ከተማ ነበረች። የያዛት ጄኔራል ጸሐፊው የኮሚኒስት ሰላይ ስለነበረ ዕቅዱ ቀድሞ ደርሷቸዋል።

ታዲያ ቺያንግ በምን ተሸነፈ? እኔ ከጥይቱ በፊት ገንዘቡን አያለሁ። ኦገስት 1948 አዲስ የወርቅ ዩዋን ወጣ። አንዱ በሦስት ሚሊዮን አሮጌ ብር ይመነዘራል። ወርቅና ጥሬ ብር ያለው ሁሉ ለባንክ እንዲያስረክብ ታዘዘ። ሕግ አክባሪው መካከለኛ ኑሮ ያለው ሰው የሚስቱን ጌጥ ሳይቀር አስረከበ። የቺያንግ ልጅ ሻንጋይ ላይ ዋጋ የሚያንሩትን ማሰር ጀመረ። ከእንጀራ እናቱ ዘመዶች ዘንድ ሲደርስ ግን ነገሩ ቆመ። በወራት ውስጥ የወርቁ ዩዋን ወረቀት ሆነ። ያን ሰው ከዚያ ወዲያ ማን ለዚህ መንግሥት ሙት ይለዋል?

በገጠር ደግሞ ኮሚኒስቶቹ መሬት ያከፋፍላሉ። መሬት የደረሰው ገበሬ ባላባቱ ተመልሶ እንዳይመጣ ይዋጋል። ክፍፍሉ በደም ነበር። ባለመሬቱን አደባባይ አውጥቶ መደብደብ፣ መግደል። እጁን ደም የነካው ገበሬ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም፤ ፓርቲውም ይህን ያውቃል። በሁዋይሃይ ውጊያ፣ ከኖቬምበር 1948 እስከ ጃኑዋሪ 1949፣ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ገበሬ በእጅ ጋሪ እህልና ጥይት ገፋ። ጄኔራል ቼን ዪ ድሉን ያመጣው የገበሬው ጋሪ ነው ብሏል።

ቻንግቹንን ሳልጠራ ባልፍ ግን አጭበርባሪ እሆናለሁ። በ1948 ኮሚኒስቶቹ ከተማዋን ለአምስት ወር ያህል ከበቡ። ነዋሪው በረሃብ እንዲወጣ አልፈቀዱም፣ የከተማዋ ጦርም ወደ ውስጥ አይመልሰውም። ሰዉ በሁለቱ ምሽግ መካከል ሣር እየበላ ሞተ። በከተማዋ ውስጥና በዙሪያዋ በረሃብ ያለቀው ከ100 ሺህ በላይ ነው ይባላል። ከተማዋ ያለ ውጊያ ተያዘች ተብሎ ተዘገበ።

ቤይጂንግ በጃኑዋሪ 1949 በድርድር እጅ ሰጠች። የከተማዋ አዛዥ ልጅ በኅቡዕ የፓርቲው ሰው ነበረች፣ የአባቷን ሐሳብ በየቀኑ ታሳውቅ ነበር። ናንጂንግ በኤፕሪል ወደቀች። ቺያንግ በዲሴምበር ወደ ታይዋን በረረ። ኦክቶበር 1 ቀን ማኦ ቲያናንመን ላይ ቆሞ መንግሥቱን አወጀ። በነገራችን ላይ የቻይና ሕዝብ ተነሥቷል የሚለውን ያን ቀን አልተናገረም። ከአሥር ቀን በፊት በጉባኤ ነው ያለው።

እስቲ ወደ አሥራ ሦስቱ እንመለስ። ያን ቀን ሰገነቱ ላይ ከእነሱ የቆሙት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ማኦና ዶንግ ቢዉ። ዋንግ ጂንሜይ በ1925 በሳንባ ነቀርሳ ሞቷል። አራቱ በጠላት እጅ ተገድለዋል፤ ቤቱን ያስገኘው ሊ ሃንጁን አንዱ ነው። ከሆቴሉ ደንግጦ የሄደው ቼን ጎንግቦ ጃፓን ላቆመችው መንግሥት አድሮ በ1946 በአገር ክህደት ተረሸነ። ዦው ፎሃይም እንዲሁ አድሮ እስር ቤት ሞተ። ዣንግ ጉዎታኦ ከማኦ ጋር ተጣልቶ ወደ ቺያንግ ኮበለለ፤ ያረፈው በ1979 ካናዳ ነው። ሊዩ ሬንጂንግ የትሮትስኪ ተከታይ ሆኖ ታሰረ፣ ተፈታ፣ በ1987 ቤይጂንግ ውስጥ አውቶቡስ ገጭቶት ሞተ። ሊ ዳ በ1966 በባህል አብዮቱ መጀመሪያ ላይ ተዋርዶ፣ መድኃኒት ተነፍጎ ሞተ። ጠላት የተባለው በራሱ ፓርቲ ነው።

ጥያቄ ሲከፈት ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ጀልባዋን ያገኘችው ሴትዮስ ምን ሆነች?» አሉኝ።

ስሟ ዋንግ ሁዪዉ ነው። ስብሰባው ሲካሄድ ውስጥ አልገባችም። ጀልባዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሌላ ጀልባ ሲጠጋ ምልክት ትሰጥ ነበር። ከተወካዮቹ ቁጥር አልገባችም። ከሊ ዳም ኋላ ተለያዩ። በ1959 ለመታሰቢያ የጀልባዋን አምሳያ ሊሠሩ ሲነሡ ምን ትመስል እንደነበር ሄደው የጠየቁት እሷን ነው። ከአሥራ ሦስቱ ሁሉ በላይ ኖራ በ1993 አረፈች።